የአጥር ዳሩ ላብላብና የማሳው ላብላብ፦ ለአንድ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም እየዞረ ነው። እኔ ብቻ ከስድስት ሰው ደርሶኛል። ሦስቱ እዚሁ ጅማ ዙሪያ ላም የሚያረቡ ናቸው፣ አንዷ ደግሞ እህቴ ናት። «እውነት ነው እንዴ?» ብላ ነው የላከችልኝ። እውነት አለው። ግን ዋናው ምክሩ ስህተት ነው፤ ያመነ ሰው ደግሞ በጋ ላይ ላሙ ስትነጥፍ ነው የሚገባው። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የጻፉት ስለ ላብላብ ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ላብላብ እንደ አደንጓሬ የሚጠመጠም ሐረግ ነው። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል፣ አበባው ነጭ ወይም ሐምራዊ ነው፣ ፍሬው ጠርዝ ላይ ደግሞ እንደ ቅንድብ ያለ ነጭ መስመር አለው። ለከብት መኖ ተብሎ ይዘራል። ማንም ሳይዘራው በጫካ ዳርና በቁጥቋጦ ላይ የሚበቅል የዱር ዘመድም አለው። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ። የዱሩ የተዘራው አባት ነው፣ ስለዚህ ይበልጥ ጠንካራና ገንቢ ነው። የተዘራው ከአውስትራሊያ የመጣ ባዕድ ነው። ዘሩንም በየዓመቱ መግዛት ግድ ስለሆነ ገበሬውን ጥገኛ ያደርጋል። የዱሩን ግን ድርቅም በሽታም አይደፍረውም፣ አንዴ ከበቀለ ዓመታት ይቆያል። ተፈጥሯዊ ስለሆነም ከብት አይመርዝም። ማሳረጊያቸው «ከጫካ ዳር እየቆረጣችሁ አብሉ፣ ዘሩንም ለቅማችሁ ማሳችሁ ላይ ዝሩ» የሚል ነው።

እኔ ከጅማ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ አራት ላሞች አሉኝ። ሁለቱንም ላብላብ ጎን ለጎን ዘርቼ አይቻለሁ፣ ሁለቱንም አጭጄ አብልቻለሁ። የምጽፈው ከዚያ ተነስቼ ነው።

ከአባትና ከልጁ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው። የዱሩ አባት ነው መባሉ ልክ ነው፣ ማንም አይከራከርም። ግን አባት ስለሆነ ይበልጣል የሚለው ከየት መጣ? ጠንካራ ነው ሲባል እኮ ለምን ጉዳይ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የዱሩ ጠንካራ የሆነው ለራሱ ኑሮ ነው። የእሱ ሥራ ልጆቹን በትኖ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ ላሜን ማብላት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

እስቲ ዘሩን እዩት። ፍሬውን የሚይዘው የዱሩ ቅርፊት ትንሽ ነው፣ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከተዘሩት ዓይነቶች ግን 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚደርሱ አሉ። የዱሩ ፍሬ ደቃቅና ዥጉርጉር ነው፣ አፈር ላይ ሲወድቅ ወፍ እንዳያየው። ቅርፊቱ ሲደርቅ ተጠማዝዞ ይፈነዳና ዘሩን ይበትነዋል። እኔ በጥር አንድ ጠዋት ልለቅም ብዬ ሄጄ ያገኘሁት ባዶ ቅርፊት ነበር፤ ትናንት ማታ ሙሉ የነበረ ነው። የተበተነውንም ዘር ብታገኙት ቆዳው ጠንካራ ነው፣ ብዙው ውሃ አያስገባም። ይህ ለእሱ ጥበብ ነው፤ ሁሉም በአንድ ዝናብ በቅሎ ዝናቡ ቢቋረጥ ዘሩ በሙሉ ያልቃልና። ስለዚህ ጥቂቱ ዘንድሮ፣ ጥቂቱ ለከርሞ፣ ሌላው ከዚያ ወዲያ ይበቅላል። ለእኔ ግን ይህ ማለት በሰኔ የዘራሁት መስመር ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ክፍት ክፍት ሆኖ ይታያል ማለት ነው። ከዘራሁት ግማሹ እንኳ በመጀመሪያው ክረምት አልወጣም። በሁለተኛው ዓመት በቆሎ የዘራሁበት ቦታ ላይ በየመሃሉ ብቅ ብቅ ሲል ያን ጊዜ ገባኝ።

ታዲያ ሰው ይህን ተክል ማረስ ሲጀምር ምን ሆነ? ማንም ላቦራቶሪ ውስጥ ገብቶ አልቀየረውም። እናቶች የለቀሙት በቅርፊቱ ውስጥ የቀረውን ዘር ነው፤ የፈነዳው መሬት ላይ ቀርቷል። የዘሩት ለቀማ የተረፈውን ነው። በመጀመሪያው ዝናብ የበቀለውን ነው ኮትኩተው ያሳደጉት። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም፣ በሺህ ዓመት ውስጥ፣ ዘሩ የማይረግፍ፣ እኩል የሚበቅል፣ ፍሬው ትልቅ የሆነ ላብላብ መጣ። የተዘራው ላብላብ «ደካማ ልጅ» አይደለም። ለገበሬ ሥራ የተመረጠ ነው።

«ገንቢ ነው» ስለሚለው ግን ለጸሐፊው ግማሹን እሰጣቸዋለሁ። የዱሩ ቅጠል ፕሮቲን ያንሰዋል የሚል ሰው ቢመጣ እኔም እሞግተዋለሁ። የላብላብ ቅጠል ፕሮቲኑ 26 ከመቶ አካባቢ ይደርሳል፣ ግንዱ ደግሞ የዚህ ግማሽ ያህል ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው እንግዲህ ከዱር ወይም ከማሳ መምጣቱ ሳይሆን፣ ስንት ቅጠል ስንት ግንድ አለው፣ መቼስ ታጨደ የሚለው ነው። የዱሩ ሐረግ ቁጥቋጦ ላይ ለመውጣት ቀጭን ረጅም ግንድ ይዘረጋል፣ ቅጠሉም ትንሽ ነው። ከአንድ እቅፍ የዱር ላብላብና ከአንድ እቅፍ የማሳ ላብላብ ላሟ ፊት የሚቀርበው ቅጠል እኩል አይደለም። ላም ደግሞ መቶኛ አትበላም። የምትበላው እቅፍ ነው።

ይህ በእኛ አካባቢ ለምን ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ ልንገራችሁ። ጅማ ዙሪያ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ዝናቡም በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሣር ሞልቶ ነው የምንከርመው። ችግሩ ከኅዳር በኋላ ነው። ያን ጊዜ እጃችን ላይ ያለው የበቆሎ አገዳ ነው። የአገዳ ፕሮቲን 5 ከመቶ ቢሆን ነው። በከብት ትልቁ ጨጓራ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ደቃቅ ሕዋሳት ግን ቢያንስ 7 ከመቶ ያህል ፕሮቲን ካላገኙ ሥራቸው ይዳከማል። ስለዚህ ላሟ አገዳው ፊቷ ተከምሮ ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች። ትንሽ ላብላብ ሲጨመርበት ሕዋሳቱ ይነቃሉ፣ አገዳውም ራሱ ምግብ ይሆናል። ይህን ለማድረግ በየቀኑ፣ ለሦስትና ለአራት ወር፣ አንድ ሸክም ያስፈልጋል። ከጫካ ዳር አንድ ሸክም በየቀኑ? ለአንድ ሳምንት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሩቅ መሄድ ነው፣ ያንን የሚሸከመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው።

ጎረቤቴ ሐጂ ይህን ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር። ጽሑፉን ባነበብኩላቸው ጊዜ ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ የጫካው ላብላብ ለሚዳቋ ይበቃል፣ ለክልስ ላም ግን አይበቃም» አሉኝ።

ወደ «ባዕድ» ነገር ልሂድ። ይህን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። ሮንጋይ የሚባለው፣ በብዙ ሀገር የተሰራጨው የመኖ ላብላብ፣ ስሙ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ሮንጋይ ኬንያ ውስጥ ያለ ቦታ ነው። ዘሩ ከዚያ ተወስዶ አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበሬ ተለቀቀ። የጎረቤታችን ዘር ነው ባሕር ተሻግሮ የተመለሰው። ተክሉ ራሱ የአፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የላብላብ ሙሉ የዘር መዋቅር በአፍሪካውያን መሪነት ተጠንቶ ሲወጣ፣ ተክሉ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ለየብቻ ከዱር ወደ እርሻ እንደገባ ታይቷል፤ አንዱ በቅርፊቱ ሁለት ፍሬ ከሚይዘው፣ አንዱ አራት ከሚይዘው። ኮንሶዎች ደግሞ በእርከናቸው ላይ ሲያበቅሉት ኖረዋል። የተዘራ ላብላብ ሁሉ ባዕድ ነው ማለት የእነሱን ድካም መካድ ይሆናል። እርግጥ ነው ሁሉም ዓይነት ከአፍሪካ አልሄደም፣ ሃይዎርዝ የሚባለው ለምሳሌ ከደቡብ ሕንድ ነው። ቢሆንስ? በቆሎም እኮ ከሜክሲኮ ነው፣ ጅማ ላይ ግን ማንም በቆሎን ባዕድ ብሎ ከማሳው አላስወጣም።

ዘር በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው የሚለው ደግሞ በቀጥታ ስህተት ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ላብላብን ከድቅል በቆሎ ጋር ያምታቱ ይመስለኛል። እንደ ቢኤች 660 ያለ ድቅል በቆሎ የተለያዩ የዘር መስመሮች ተዳቅለው የሚገኝ ነው፣ ልጁን መልሳችሁ ብትዘሩት ምርቱ ይወርዳል። ሁላችንም ይህን ከኪሳችን ነው የተማርነው። ላብላብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። አበባው ሳይከፈት ሥራው ያልቃል ማለት ይቻላል፤ ትልልቅ ንቦች አንዳንዴ ቢያቀላቅሉትም ትንሽ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የለቀማችሁት ዘር ለከርሞ ያንኑ ይሰጣችኋል። እኔ አንዴ ነው የገዛሁት። ከማሳው ጥግ ጥቂት እግር ሳላጭድ እተዋለሁ፣ በጥር ቅርፊቱ ሲደርቅ ለቅሜ በጣሳ አስቀምጣለሁ። ለሦስት ሰውም አካፍያለሁ። ቅርፊቱ አይፈነዳም ያልኳችሁ እኮ ለዚህ ነው የሚጠቅመው! ዘር ለመያዝ የሚያስቸግረው የዱሩ ነው እንጂ የተዘራው አይደለም።

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። የመኖ ዘር ማግኘት ከባድ ነው፣ ጥራቱም አያስተማምንም። እኔ ራሴ መጀመሪያ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት አሮጌ ኖሮ ብዙው ሳይበቅል ቀርቷል፤ ብሩም ወቅቱም አለፈ። ጸሐፊው የተናደዱት በዚህ ከሆነ አብሬያቸው ነኝ። መፍትሔው ግን ከጎረቤት አንድ ጣሳ ጥሩ ዘር ተካፍሎ ማባዛት ነው። ከመዝራታችሁ በፊት አሥር ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጣችሁ ስንቱ እንደሚበቅል እዩ። አምስት ቀን አይፈጅም።

አሁን ወደ ድርቅና በሽታ። ለጸሐፊው ብዙ የምሰጣቸው እዚህ ነው፣ ዋናው ስህተታቸውም ያለው እዚሁ ነው።

የዱሩ ዓመታት መቆየቱ እውነት ነው። የእኔ ሮንጋይ በአንድ ዓመት፣ ቢበዛ በሁለተኛው ያበቃል፣ የአጥሩ ግን ሥሩ ወፍሮ ከዓመት ዓመት ይለመልማል። በየካቲት ሁሉም ነገር ሲጠወልግ እሱ አረንጓዴ ሆኖ አይቼዋለሁ፣ ቀንቼበታለሁም። ድርቅን በተመለከተ ግን ሁለቱም ሥራቸው ጠልቆ ስለሚገባ አንዴ ከያዙ ጥሩ ይቋቋማሉ፣ ይህ የዱሩ ብቻ ጸጋ አይደለም። ይልቅ እኛ ጋ ላብላብን የሚገድለው ውሃ መተኛት ነው። ሜዳ ላይ፣ ውሃ በሚያቁር ጥቁር መሬት ላይ አትዝሩት፣ የዱሩም ሆነ የተዘራው ሥሩ ይበሰብሳል። ተዳፋት ላይ አድርጉት። የአፈራችንን አሲዳማነት ግን ይችላል፣ አልፋልፋ የሚያለቅስበት መሬት ላይ ላብላብ ያድጋል።

በሽታ አይነካውም የሚለውን ግን የጅማ ሰው ሆኖ እንዴት ማመን ይቻላል? ቡናን እናስታውስ። የቡና ፍሬ በሽታ ሀገራችን ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አባቶቻችን ያዩትን ያውቃሉ፣ ፍሬው ጠቁሮ ቅርንጫፍ ላይ ይደርቅ ነበር። ያን ጊዜ መፍትሔው የተገኘው ከየት ነው? ከእኛው ከደቡብ ምዕራቡ ቡና ውስጥ ነው። ባለሙያዎች አካባቢውን እየዞሩ በሽታው መሃል ጤነኛ ሆነው የቆሙ እናት ዛፎችን ፈለጉ፣ ዘራቸውን ወስደው እዚሁ ጅማ፣ ሜልኮ የምርምር ማዕከል ላይ ፈተኑ፣ መረጡ። 74110 የምንለው ቡና ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ 74 የተመረጠበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974 ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው የእናት ዛፉ ቁጥር ነው። ለገበሬ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። አሁን ልብ በሉ። የጫካ ቡና ሁሉ በሽታ የሚችል ቢሆን ኖሮ መዞር፣ መፈተን፣ መምረጥ፣ አምስት ዓመት መጠበቅ ለምን አስፈለገ? አንዱን ለቅሞ መትከል ይበቃ ነበር። የሚችሉት ጥቂት ነበሩ። ሌሎቹ በበሽታው ያልቁ ነበር።

ላብላብም እንደዚያው ነው። የዱሩ ጫካ ዳር ላይ ጤነኛ የሚመስለው አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ማዶ ተራርቆ ስለሚኖር በሽታ ስለማይደርስበትም ጭምር ነው። አንድ ጥማድ መሬት ላይ አፋፍናችሁ ብትዘሩት ያ ጥቅም ይቀራል። ከዱሩ ውስጥ በሽታ የሚችል የለም አልልም፣ በእርግጠኝነት ሊኖር ይችላል። ግን እሱን መፈለግና መፈተን ያስፈልጋል።

እንዲህ የተደረገበትም አለ። ኢንዱራንስ የሚባል የላብላብ ዓይነት አውስትራሊያ ውስጥ የተገኘው ሮንጋይን ከአፍሪካ የዱር ላብላብ ጋር በማዳቀል ነው። የፈለጉት ያንኑ ጸሐፊው ያደነቁትን ነገር ነው፤ ዓመታት መቆየትን። ከዱሩ ዕድሜውን፣ ከተዘራው ቅጠሉን። ሁለቱን ተቀናቃኝ አድርጎ ማቅረብ ይህን ሁሉ ያስረሳል። የዱሩ ጥቅሙ በማሳ ላይ መተካቱ ሳይሆን፣ ነገ የሚያስፈልገን ነገር ውስጡ ስላለ ነው።

ስለ መርዝ አጭር ልበል። ተፈጥሯዊ የሆነ አይመርዝም የሚለው አደገኛ አነጋገር ነው። ተክል መሮጥ አይችልም፣ ከሚበላው ራሱን የሚጠብቀው በመራራ ነገርና በመርዝ ነው፣ ይህም በዱሩ ዘንድ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ጎጃም ያላችሁ ግብጦን ታውቁታላችሁ። ተቆልቶ ወራጅ ውሃ ውስጥ ቀናት ካልሰነበተ አይበላም። ዘመዶቹ የዱር ግብጦዎች እንዲሁ መራራ ናቸው። መራራነቱ የቀነሰ ጣፋጭ ግብጦ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ጀርመናዊው ራይንሆልድ ፎን ዜንግቡሽ እጅግ ብዙ ተክል አንድ በአንድ ፈትሾ ጥቂት ያልመረሩ ካገኘ በኋላ ነው። ላብላብ የግብጦን ያህል አያስፈራም፣ ቅጠሉን ከብት በደንብ ይበላል። የደረቀው ፍሬ ግን የዱሩም የተዘራውም ጥሬውን አይሆንም፤ ሰው ሊበላው ከሆነ ውሃ እየቀየረ በደንብ ይቀቅለው። የሆድ መነፋት ደግሞ ከየት መጣ ሳይሆን እንዴት በላች ነው። የተራበች ላም ለምለም የጥራጥሬ ቅጠል ላይ አትልቀቁ። መጀመሪያ አገዳ ወይም ሣር ስጧት፣ ላብላቡንም አጭዳችሁ ትንሽ ጠውልጎ ይቅረብላት።

ለመዝራት ለጠየቃችሁኝ፦ በቆሎ መሃል ከሆነ በቆሎው ከበቀለ አንድ ወር ገደማ በኋላ ዝሩት፣ ቀድሞ ከገባ ተጠምጥሞ ያንቀዋል። ማበብ ሲጀምር እጨዱ። ከሥሩ አትቁረጡት፣ ዝቅ ብሎ ከታጨደ አያንሰራራም።

የመጨረሻው ነገር በጣም የሚያሳስበኝ ነው፣ ጸሐፊውም ተክሉን እንደሚወዱ ከአጻጻፋቸው ስለሚታይ ይሰሙኛል ብዬ አምናለሁ። ጽሑፉን ብዙ ሺህ ሰው አንብቦታል። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ምክሩን ይዞ ወደ ጫካ ዳር ማጭድ ይዞ ቢወጣ ምን ይሆናል? የሚቆረጠው ልክ አበባ ሲይዝ ነው፣ ለመኖ የሚጥመው ያን ጊዜ ነውና። አበባ ላይ የተቆረጠ ደግሞ ዘር አይጥልም። የጫካው ዳር ራሱ በየዓመቱ በእርሻና በቤት እየተገፋ ነው። አዲስ አበባ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የዘር ባንክ የመኖ ዘሮችን ሰብስቦ ያስቀምጣል፣ የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩትም አለን። ግን ባንክ ውስጥ ያለው ከዚህም ከዚያም የተለቀመ ጥቂት ነው። ማና፣ ዴዶ፣ ጌራ ያለው ሐረግ ሁሉ እዚያ አልገባም።

ስለዚህ አጥራችሁ ላይ የዱር ላብላብ ካለ እስከ ጥር ተዉት። ቅርፊቱ ሊደርቅ ሲል ከመፈንዳቱ በፊት ጥቂቱን በወረቀት ከረጢት ሸፍኑና ዘሩን ያዙ። ስትከፍቱትም ቁጠሩ፣ ሁለት ፍሬ ነው ወይስ አራት? የእኔ አጥር ላይ ያለው ሁለት ነው። የእናንተን ጻፉልኝ፣ ቀበሌውንም ጨምሩ።